በልኩ የተሠራ ሣጥን

ቁልፍ ሠሪው ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ ሞረዱን በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የትናንት ብናኝ እፍ ይላል። ባለቤቱ ቆሞ ካላዘዘው የማንንም በር አይከፍትም። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ ሽሮ አያውቅም።

ያን እሑድ ግን እጮኛው ቤት በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እናቷም፣ ታላቅ ወንድሟም፣ ራሷም በየተራ ሕጉን እንዲሽር በጆሮው ሹክ አሉት።

«ሁለት ደቂቃ ቢፈጅብህ ነው» አለችው እጮኛው።

«ባለቤቱ ሳያዙኝ?»

«እሳቸውማ ቢያዙ አንተን መለመን ምን አስፈለገን!»

የእሷ የልደት ወረቀት ካልተገኘ ሰኞ ጋብቻቸው አይመዘገብም። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደግሞ በወሩ መጨረሻ ወደ ሩቅ ከተማ ሊያዛውራት ነው፤ የማያዛውረው ባለትዳሮችን ብቻ ነው። ወረቀቱ ያለው አባቷ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ የሬሳ ነው።

አባትየው ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ሣጥኑን ከስምንት ዓመት በፊት በልካቸው ሠርተው ሳሎን፣ ከሶፋው ፊት ለፊት አስቀመጡት። ቤተሰባቸውን ስለማያምኑ የቤቱን ሰነድ ሁሉ እዚያ ከተው፣ ክዳኑ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ቁልፍ አስገጠሙለት። መክፈቻው ከኪሳቸው አይለይም። እንግዳው ሻዩን ይዞ ሲቀመጥ ጉልበቱ ሣጥኑን ይነካ ነበር።

«ወረቀትሽን ስሞት ትወስጃለሽ» አሏት አባቷ።

«ቀን ቁረጥልና» አለ ወንድሟ።

እናትየው ከባላቸው ጋር ፊት ለፊት ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። «ላባትሽ ንገሪው፤ እንግዳ ፊት አያዋርደን።»

«ለናትሽ ንገሪያት፤ ተዋርደን ከጨረስን ቆየን።»

ቁልፍ ሠሪው ሻዩን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ዝገት በዘይት የሚለቅ አልመሰለውም።

«ደግሞ ሣጥኑ አጥሮሃል አባባ» አለ ወንድሟ። «ጉልበትህን አጥፈን ልንቀብርህ ነው።»

የአናጺው ደም ፈላ። «እኔ? እኔ ልኬን ልሳት?» ሣጥኑን ከፈቱ፤ መክፈቻውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ወረቀቱ ላይ ተንጋለሉ። «ያውልህ! አራት ጣት ይተርፋል!» ክዳኑም እንደሚገጥም ለማሳየት ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ቀጭ አለ።

የቁልፉ ቀዳዳ በውጭ፣ መክፈቻው በውስጥ ቀረ። አናጺው ጎበዝ ስለነበሩ ነፋስ የሚያሾልክ ስንጥቅ አልተዉም።

«ክፈቱ!» አለ ሣጥኑ።

እናትየው ተነሥተው ክዳኑን በጣታቸው አንኳኩ። «ሰማህ? ወረቀቱን ትሰጣለህ ወይስ ለቀብር ሰው ልጥራ?» በሦስት ዓመት ውስጥ በቀጥታ የነገሯቸው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

«እማማ፣ በፈጠረዎት! አየር ያጥራቸዋል!» ቁልፍ ሠሪው ሽቦውን ከኪሱ አውጥቶ ተንበረከከ። ከሕጉ ግን ንቅንቅ አላለም። «አባባ! ልክፈተው? ይዘዙኝ!»

«ክፈት እንጂ፣ አንተ ገልቱ አማች!»

«ይኸው ታዘዝክ፣ በል!» አለችው እጮኛው። ቁልፉ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ። አባትየው በላብ ተጠምቀው ተነሡና ከጀርባቸው ሥር የተጨማደደውን የልደት ወረቀት መዘው ፊቷን ሳያዩ ለልጃቸው ሰጡ።

«ልኩ ግን ልክ ነው» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ። «የጎደለው የውስጥ እጀታ ብቻ ነው።»

ሰኞ በሦስት ሰዓት ጋብቻቸውን ያስመዘግባሉ። ማክሰኞ ቁልፍ ሠሪው ተመልሶ እጀታውን ይገጥማል።