ያልቀላ የጣት አንጓ

በዕድሜ ትበልጠኛለችና «እሳቸው» ብዬ መጻፍ ይገባኝ ይሆናል። አልጽፍም። ለእሷ የነበረኝን አክብሮት በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ትቼው ወጥቻለሁ።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ እሷ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከጎርጎራ ባሕር ዳር በሚመላለሰው መርከብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከሱዳን በመተማ የሚገባ ዕቃ ጎርጎራ ላይ በእህል ጆንያ ተደብቆ ይጫናል። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ሊቀመንበሯም ታውቃለች።

አንድ ቀን ቤቴ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ስሚ፣ ያ ወንድምሽ ቅባቱን ያምጣልኝ።»

«የቱን ነው የሚሉኝ፣ እትዬ?»

«አታድርቂኝ! የሚያቀላውን ነዋ።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር የሚለኝ ሰው በዚያ ዘመን አልኖረም። የስኳርና የሳሙና ኩፖን የሚያልፈው በእሷ እጅ ነበር። ወንድሜ አመጣላት፤ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ላይ አንዲት ቀይ ሴት ትስቃለች። ጽሑፉ ዐረብኛ ስለነበር ማንም አላነበበውም። ከተከፈተ በኋላ ነጩ ቅባት ውሎ ሲያድር ቡናማ ይሆናል። ውስጡ ያለው ኬሚካል ሃይድሮኪኖን እንደሚባል፣ ብዙ ከተቀቡትና ፀሐይ ካገኘው ቆዳን እንደሚያበላሽ የሰማሁት ዘመኑ ካለፈ በኋላ ከአንዲት ፋርማሲስት ነው። ያኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነበር። ፊቷ ቀላ፣ አንገቷ ቀላ፣ የእጇ ጀርባም ቀላ። የጣቶቿ አንጓ ግን እንደ ከሰል ጠቆረ። ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ እንኳ ጥላ ዘርግታ ወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር ምን ዝናብ አይተው ነው?» ብላ አንዷ ከኋላ ስታሽሟጥጥ ሳቅን። ሳቃችን ሳይደርሳት አልቀረም።

ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ተጠራን። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ቆርቆሮ አስቀምጧል። የምትስቀውን ሴት ገና ከበሩ አወቅኋት።

«ይህ ኮንትሮባንድ ከዚህ ቀበሌ ቆሻሻ ውስጥ ነው የተገኘው» አለ። «ማን ነው የሚያስገባው?»

ሊቀመንበሯ ከአጠገቡ ተነሣች።

«ጓድ፣ እኛ የምንደብቀው የለንም። እዚያ የተቀመጠችው ጓዲት ወንድሟ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። እሷ ትጠየቅ።»

በኮንትሮባንድ የተያዘ ጎረምሳ ወደ እስር ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር የተላኩ እንዳሉ እንሰማ ነበር። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ነው፤ የሚያውቀው ነገር የለም። ያመጣው ለእርስዎ ነው ብላት ከእሷ ጋር እሱንም ማስበላቴ ነው። ዝም ብል እሱን ብቻ።

ተነሣሁ።

«ወንድሜ እህል ተሸካሚ ነው፣ ጓድ። ቅባቱን ከሚቀባው ሰው ቢጀመር ይሻላል። ይህን የተቀባ ሰው ፊቱ ቢቀላም የጣቱ አንጓ ይጠቁራል። ከእኔ ይጀመር።» ክር የላጣቸውን ጣቶቼን ዘረጋሁ።

ከኋላ አንዲት ጠላ ሻጭ ጮኸች፦ «የእኔም ይኸው! ቅባት ቀርቶ ሳሙና ካየ ሰንብቷል!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሴቶቹም እየተነሡ እጃቸውን ዘረጉ። ሊቀመንበሯ ብቻ እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ካድሬው ዞሮ ነጠላዋን አየ፣ ቀጥሎ ፊቷን። እኔም ዓይን ዓይኗን አየኋት። አንድ ቃል ከጨመረች እኔም እንደምጨምር ገብቷታል።

«ጓድ» አለች ድምጿ ሰልሎ፣ «የዚህችን ወንድም ያነሣሁት በስሕተት ነው። ሂሴን ውጫለሁ።»

ካድሬው ነገሩ የራሱን ሊቀመንበር እንዳይነካ ይመስለኛል፣ ቆርቆሮውን ኪሱ ከተተና ስብሰባውን ዘጋ።

በማግሥቱ ወደቡ ላይ ወንድሜን ጠበቅሁት። «ከእንግዲህ በጆንያ ውስጥ እህል ብቻ» አልሁት። ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። ሊቀመንበሯ ግን አልተወችኝም፤ ከዚያ ወዲያ የሳሙና ኩፖን ሲታደል ስሜ ይዘለል ነበር። ልብሴን በእንዶድ አጠብሁ።

ወንድሜ ሸምግሎ፣ አልጋው ላይ ነው ያረፈው። ለቅሶው ላይ አርጅታ፣ ፊቷ ማዲያት ለብሶ መጣች። እጇን በነጠላዋ ሸፍና ዘረጋችልኝ። በግራ እጄ ነጠላውን ገልጬ ጨበጥኋት። አንጓዎቿ ዛሬም ጥቁር ናቸው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው እያየ ቶሎ አልለቀቅኋትም።

«ልጆቹ እነዚያ ናቸው» አልኋት። «ሂጂ አጽናኛቸው።»

አንቺ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር። ሄዳ ከልጆቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇን ነጠላዋ ሥር መልሳ።