ቶሎ የማያልቅ ሰማይ

ወንድሜን ለኩላሊት እጥበት ባመጣሁ ቁጥር አንዲት ታካሚ ሴትዮ አያለሁ። የግራ እጅጌዋን ተርትራ ራሷ ዚፕ ሰፍታበታለች፤ መርፌ በተሰካ ቁጥር ልብስ ማውለቅ ሰልችቷት መሆን አለበት። ግራ እጇን ለማሽኑ ሰጥታ፣ በቀኟ ትሪ ላይ የተቆራረጠ ሥዕል ትገጣጥማለች። ፐዝል ነው የምትለው።

ብቻዋን ግን አይሆንላትም። ቁርጥራጩን ለአልጋ ጎረቤቶቿ ታከፋፍላለች፦ ጀልባውን ለወንድሜ፣ ሰማዩን አጠገቧ ለሚተኙት ሽማግሌ።

“ልጄ፣ ሁሉም ሰማያዊ ነው እኮ! ዓይኔን ልታጠፊው ነው?” አሏት ማክሰኞ ዕለት።

“ለዚህ እኮ ነው የሰጠሁዎት አባባ። ቶሎ አያልቅም፤ ሐሙስም ይመጣሉ።”

ሽማግሌው እየተነጫነጩ ሁለት ቁራጭ ገጠሙና እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ወንድሜ እንኳን፣ ሳቅ የረሳው ሰውዬ፣ ሳቀ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የሽማግሌው አልጋ በአዲስ አንሶላ ተነጥፏል፤ እሳቸው ግን የሉም። እሷ ባሕሩን ጨርሳለች፤ ጀልባውም ቦታውን ይዟል። ነርሷ ልታግዛት ብላ አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ አነሳች።

ሴትዮዋ ቀና እንኳን አላለችም።

“ተይው እህቴ” አለች በደከመ ድምፅ፤ “እሱ ባለቤት አለው።”