ወደ መስኮቱ የዞረው ቅዱስ

ጽጌረዳ አሜሪካ ባለችው ደብሊን ከተማ ውስጥ ሚስ ካርሜላ የሚባሉ ጣሊያናዊት አሮጊት ትንከባከባለች። ሴትዮዋ መራመድ አይችሉም። ሳሎናቸው ውስጥ ከአያቶቻቸው የወረሱት፣ ዕድሜው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነ በቡናማ ቀለም የተነደፈ ሥዕል ተሰቅሏል፤ አንድ ቅዱስ ደመና ላይ ሆኖ፣ እሳት ከሚተፋ ተራራ ሥር ያለችውን ከተማ በእጁ ይከልላል። ጽጌረዳ ጴንጤ ናት፤ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ ብዙም አታየውም።

በሚያዝያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቶርኔዶ፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ሰማዩ አረንጓዴ መሰለ።

"ሚስ ካርሜላ፣ ቶሎ ቤዝመንት እንውረድ።"

"መጀመሪያ ቅዱሱን ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ። ከተማውን ካላየ እንዴት ይጠብቀዋል?"

"ጊዜ የለንም።"

"እንግዲያው አልወርድም።"

 ጽጌረዳ ለሥዕል መጸለይ ኃጢአት ነው እየተባለች ያደገች ናት፤ ቢሆንም ሥዕሉን አውርዳ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ አሮጊቷን አዝላ በደረጃው ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ጨለማው ውስጥ አቅፋቸው "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ስትል፣ እሳቸው ጆሮዋ ሥር የቅዱሱን ስም ይጠሩ ነበር። ቤቱ ከላያቸው ሲንገጫገጭ የሁለቱም ድምፅ ጠፋ።

ነፋሱ ሲያልፍ ብቻዋን ወጣች። የመስኮቱ መስታወት ረግፏል። ሥዕሉ ወለሉ ላይ ርሶ፣ ቀለሙ ፈሷል። ይህን መንገር ከነፋሱ ባልተናነሰ አስፈራት።

"ሥዕሉ ተበላሽቷል" አለቻቸው ወርዳ።

"ጎረቤቶቹስ?"

"ውጭ ቆመዋል። ሁሉም ደህና ናቸው።"

ሚስ ካርሜላ አማትበው እጇን ያዙ። "እንግዲያው አይቶ ጠብቋቸዋል" አሉ።