ፔጁን ከአዲስ አበባ የያዘችው ልጅ

ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ውስጥ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ተከራይቼ የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥራ ስጀምር ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አልጋ ሳነጥፍና ሽማግሌ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። ማርኬቲንጉን የተማርኩት ከሥራ በኋላ እያንቀላፋሁ ነው። ደንበኞቼ የአረጋውያን ሆም ኬር፣ የሕፃናት ዴይ ኬር፣ ምግብ ቤት የከፈቱ የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ የፌስቡክ ፔጃቸውን እይዝላቸዋለሁ፣ ማስታወቂያቸውን እሠራለሁ፣ ለሚጻፍላቸው ኮሜንት መልስ እሰጣለሁ። የአበሻ ደንበኛ ደግሞ ኢሜይል ብሎ ነገር አያውቅም፤ ይደውላል። ምሳ ስበላ ይደውላል፣ ቅዳሴ ቆሜ ይደውላል፣ ድራይቭ ሳደርግ ይደውላል። ሥራው ሲያድግ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ።

ሥራውን አካፍዪ ያለኝ ባለቤቴ ነው። እዚህ ሰው ለመቅጠር አቅሙ የለንም፣ ውጭ አገር ላለ ሰው እንስጥ አለኝ። እኔ ደግሞ አንዴ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ። ማኒላ የተቀመጠ ሰው ስለ ዶሮ ወጥ ምን ያውቃል ብዬ ስንት ጊዜ ተሟገትኩት። በመጨረሻ ድካሙ አሸነፈኝና ቪዲዮ መቁረጡን ናይሮቢ ላለ ልጅ፣ ማስታወቂያ ማስገባቱን ማኒላ ላለች ሴት ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ማታ ትቼው የተኛሁት ሥራ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት አልቆ ይጠብቀኛል። እኔ እያንኮራፋሁ ፊታቸውን በአካል አይቼው የማላውቅ ሰዎች በፀሐይ ብርሃን ቁጭ ብለው የእኔን ሥራ ይሠራሉ። ሰው ጉድ በል ጎንደር ይላል፤ እኔ ጉድ በል ሚኒሶታ አልኩ።

ኮሜንቱ ግን ቀረ። በአማርኛ የሚጻፍን ነገር በአማርኛ የሚመልስ ሰው ያስፈልገኝ ነበርና አዲስ አበባ፣ ሳሪስ የምትኖር አንዲት ልጅ በቪዲዮ አነጋግሬ ቀጠርኩ። ለሥራው እንጂ ለእኔ የምትመች ልጅ አልነበረችም። በሁለተኛው ቀን የጻፍኩትን ማስታወቂያ አንብባ "ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ የፍርድ ቤት መጥሪያ?" አለችኝ። መጀመሪያ አንቱ ትለኝ ነበር፤ እኔ ገና ነኝ፣ አንቺ በይኝ ስላት በማግስቱ አንቺ ብላ ተቆጣችኝ። ስንጨቃጨቅ ለባለቤቴ እናትና ልጅ እንመስለው ነበር። እሷ የምትሠራው በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በማትኖርበት ሰዓት ለኮሜንት መልስ የሚሰጥ ኦቶማቲክ ነገር ገጠምን። አልወደደችውም። ሰው የጻፈውን ሰው ያንብበው ብላ ተከራከረች፤ አልሰማናትም።

ከደንበኞቼ አንዱ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። እዚሁ አጠገባችን ኩን ራፒድስ ነው የሚኖሩት። የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን ሕሙማን ከቤት ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ አነስ ያለ የትራንስፖርት ድርጅት አላቸው፤ ባለቤትም ሹፌርም ራሳቸው ናቸው። የግል ፌስቡካቸውን ከተዉት ስለቆዩ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚያገኛቸው በድርጅቱ ፔጅ ነው። ፔጁ ደግሞ መንገድ በሚያሳያቸው፣ ከመሪው አጠገብ በሚሰኩት ስልክ ላይ ነው ያለው፤ ኮሜንት በመጣ ቁጥር ብልጭ ይላል። ለሥራ ሲደውሉልኝ ስለ ፔጁ ጀምረው ስለ እናታቸው ነው የሚጨርሱት። አዲስ አበባ ከእህታቸው ጋር ያሉ እናት ናቸው፤ ጋሼ የበኩርም አንድያ ወንድ ልጅም ናቸው።

ጥር ላይ ነው፤ መንገዱ ሁሉ በበረዶ መስታወት የሆነበት ሰሞን። ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ነበረች።

"ጋሼን ከፔጁ አስወጥቻቸዋለሁ" አለችኝ።

እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። ደንበኛዬን ከገዛ ንብረቱ ያባረርሽው በማን ፈቃድ ነው፣ አንቺ ማን ሆነሽ ነው፣ ብዬ ያፌን ሁሉ ተናገርኳት። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"እናታቸው ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። መርዶ አልተነገራቸውም።"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነውን ቀስ ብላ ነገረችኝ። ጠዋት አንድ የእናታቸው ሰፈር ሰው መርዶው የደረሳቸው መስሎት ፔጁ ላይ "የእናትዎን ነፍስ ይማር" ብሎ ጻፈ። እሷ ገና ሥራ አልገባችም። ያ ኦቶማቲካችን ግን አላረፈደም፤ "ስለ መልካም ቃልዎ እናመሰግናለን፣ መኪና ለመያዝ ይደውሉልን" ብሎ መለሰ። ያየ ሰው ሁሉ፣ አሃ፣ ተነግሯቸዋል፣ እያመሰገኑ ነው አለ። ከዚያ ማን ይመልሰው፤ እግዚአብሔር ያጽናህ የሚለው ተከታትሎ ወረደ፣ ያ ማሽን ለእያንዳንዱ እያመሰገነ። ልጅቷ ልክ ስትገባ አየችው። ኮሜንቱን ሁሉ ደበቀች፣ ማሽኑን አጠፋች፣ ስልካቸው ላይ ምንም ብልጭ እንዳይል ጋሼን ከፔጁ አወጣች፤ ከዚያ ለጻፉት ሰዎች አንድ በአንድ፣ መርዶ አልተነገራቸውም፣ እባካችሁ ጠብቁ ብላ በግል መልእክት መላክ ጀመረች። እኔን ያስነሳችኝ ይህን ሁሉ አድርጋ ነው። ጋሼ ያን ጊዜ መኪናቸውን እያሞቁ ነበር።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። በስልክ አይነገርም፣ በጽሑፍማ በጭራሽ። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየው የሚደገፍበት ትከሻ አጠገቡ ሲኖር ነው የሚነገረው። አገር ቢቀየር ይህ አልተቀየረም። ጋሼ ግን ያን ቀን በበረዶ መንገድ ላይ፣ ከኋላቸው በሽተኛ ጭነው፣ የእናታቸውን ሞት ከመሪው አጠገብ ካለ ስልክ ላይ ሊያነቡት ነበር።

ቡርንስቪል ወዳለው ያጎታቸው ልጅ ደወልኩ። ሰምቶ ነበር። ቄሱና ከሴንት ፖል የሚመጡ አንድ ሽማግሌ የሚመቻቸው ነገ ማለዳ ስለሆነ ነገ ሊያረዷቸው ተስማምተዋል። ሐዘኑን ዋጥ እያደረገ፣ ዛሬን ብቻ በሰላም ይዋሉልን፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭነው ነው የሚውሉት ብሎ ለመነኝ። ይውላሉ አልኩት። በምን ተማምኜ እንዳልኩት አላውቅም፤ ሳሪስ ካለች አንዲት ልጅ በቀር በእጄ ምንም አልነበረም።

ረፋድ ላይ ጋሼ ደወሉ። ፔጄ ውስጥ መግባት አልቻልኩም አሉ። ችግር አጋጥሞን ነው፣ እየሠራን ነው አልኳቸው። ከዚያ ወረዱብኝ። እኔ የምከፍለው ሚኒሶታ ላለ ሰው ነው፣ አንቺ ግን ንብረቴን ለማላውቀው ሰው በትነሽ ትተኛለሽ፣ ይሄ ሥራ ነው ወይስ ቁማር፣ አሉኝ። እኔ ሰው ክፉ ተናግሮኝ ዝም ብዬ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ነርሲንግ ሆም እያለሁ አለቃዬን ሳይቀር መልሼለታለሁ። ያን ዕለት ግን ከንፈሬን ነክሼ፣ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እያልኩ ሰማኋቸው። የነገ ሰው ይበለን እንጂ ከሌላ ድርጅት ጋር እሠራለሁ አሉና ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸው ለስለስ አለ።

"እናቴን ዛሬ ልደውልላት ነበር። እሑድ ትንሽ ሳል ነበረባት። በአንቺ ጣጣ አረፈድኩ።"

"አሁን እዚያ መሽቷል ጋሼ፤ ይተኙበት" አልኩ።

"እውነትሽን ነው፣ ትተኛበት" ብለው ዘጉ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ልጅቷ ያን ቀን ከሥራ ሰዓቷ አልፋ ፔጁ ላይ ተጥዳ ዋለች። ሰው ይጽፋል፣ እሷ ትደብቃለች፣ ታስረዳለች። አንዳንዱ አንቺ ማነሽ ብሎ ተቆጥቷታል፣ አንዳንዱ ተባረኪ ብሏታል። ሳያት፣ በጽሑፍ ብቻ ሳያት ማለቴ ነው፣ አጀብ አልኩ። ሠላሳ ሺህ ጫማ ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን እንኳ አንድ ቀን የሚፈጅበትን መንገድ እሷ ተሻግራ፣ አንድን ሰው በበረዶ ላይ እጁን ይዛ እንደምትመራ ሆኖ ተሰማኝ። ጋሼ ማታ ቤታቸው በሰላም ገቡ።

በማግስቱ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ ሰባት ስምንት ሆነን በራቸው ላይ ቆምን። የበሽተኞቻቸውን ነገር ሌሎች የአበሻ ሹፌሮች ተከፋፍለውት ነበር፤ ማን እንዳስተባበረው እስካሁን አላውቅም። ጋሼ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ የመኪና ቁልፍ ይዘው ከፈቱልን። ቄሱን አዩ፣ ያጎታቸውን ልጅ አዩ። ማንም አፉን ሳይከፍት "እናቴ?" አሉ። ሽማግሌው ደግፈው አስቀመጧቸው። አላለቀሱም። ያስፈራን እሱ ነው፤ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ወለሉን ብቻ ያያሉ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ሴቶቹ፣ ይሄ ሰው እንባው ካልወጣለት ይታመማል እያሉ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር።

ልጅቷ ደግሞ ጠፋችብኝ። መርዶው በተነገረበት ቀን ሥራ አልገባችም፣ ስልክም አላነሳች። ማታ ላይ፣ ይቅርታ ጉዳይ ነበረኝ የምትል አንዲት መልእክት ላከችልኝ። ደክሟት ነው ብዬ ተውኳት፤ ግን ሳትነግረኝ መቅረቷ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ጋሼ በዓይናቸው ጠሩኝ። ጋራዡ ውስጥ ገባን። እህታቸው ደውላ ነበር። ቀብሩ ላይ አንዲት የማናውቃት ልጅ መጥታ ነበር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤተሰቡ ጋር ቆመች፣ ማን ነሽ ስንላት ከወንድምሽ መሥሪያ ቤት ነኝ አለች፣ ብላቸዋለች። እኔ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የለኝም፣ ማን ናት አሉኝ። ወዲያው ገባኝ፤ ፔጅዎን የምትይዝልኝ ልጅ ሳትሆን አትቀርም አልኳቸው። ደወልኩላትና ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ በመሃላችን ያዝኩት።

ጋሼ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። "ልጄ፣ ቀብሩ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ ጋሼ።" ያቺ እኔን የምትቆጣ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሆነውን ነገረችን። ኮሜንት ከጻፉት አንዷ የእህታቸው ጎረቤት ሆና ተገኘች። ከእሷ ጋር ሲጻጻፉ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ፣ በጋሼ በኩል የሚቆም ሰው እንደሌለም ነገረቻት። ልጅቷ ሌሊቱን ስታስበው አድራ፣ ጠዋት ታክሲ ይዛ ሄደች። ማንም አላዘዛትም። ለየትኛው ሥራ ምን እንደምከፍላት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ውል አለ፤ እዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ይሄ ሥራ ነው ብሎ ለሰው የሚሰጥም የለም።

ጋሼ ይጠይቋት ጀመር። ሰው ብዙ ነበር? ብዙ ነበር አለቻቸው፣ ግቢው ሞልቶ ነበር። ፀሐይ ነበር? ፀሐይ ነበር። እህቴ ማን ደግፏት ነበር? ሁለት ጎረቤቶች። አስከሬኑን እነማን ተሸከሙ? የዕድር ሰዎችና የሰፈር ጎረምሶች፣ ቀስ ብለው፣ ሳያንገላቱ። እያንዳንዱን መልስ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ከዚያ የሚቀጥለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ሲታገሉ አየኋቸው።

"አፈሩንስ" አሉ፤ "በእኔ ፋንታ አፈር ያለበሳት ሰው አለ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ይሄ የልጅዎ ነው ብዬ አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ሳላስፈቅድዎት ስላደረግሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "በየትኛው እጅሽ ነው?" አሏት።

"በቀኝ እጄ ጋሼ።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። መኪናቸውን ተደግፈው፣ እንደ ልጅ ጮኸው አለቀሱ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሰምተው ጋራዡ በር ላይ ተሰበሰቡ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ እሷም አልዘጋችም።