የከላላዋ ሙሽራ ፎቶና የመምህሩ ሲዲ

ከጅዳ ስመለስ ካሜራና ኮምፒውተር ይዤ ነበር የመጣሁት። መካነ ሰላም ሴት ፎቶ አንሺ ስላልነበራት፣ በሙስሊም ሰርግ ወደ ሴቶቹ ክፍል የምገባው እኔ ብቻ ሆንኩ። ሙሽሮቹ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው ይነሱልኛል። እኔም ፎቶውን ወንድ እንደማያየው ቃል እሰጣለሁ።

አንዴ ከላላ ወረዳ ሄጄ ሰርግ አንስቼ ተመለስኩ። ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከካሜራው እንዳጠፋኋቸው መብራት ሄደ። ሲመጣ ኮምፒውተሩን ባስነሳው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ወጥቶ ቀረ። ባጠፋው፣ ባበራው ያው ነው።

ይህን የሚያውቅ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርና አስጠራሁት። ከቦርሳው ሲዲ አወጣ።

«በራሱ አልነሳ ሲል ከዚህ እናስነሳዋለን» አለና ወንበር ሳበ።

«ሲነሳ ምን ይታያል?»

«ውስጡ ያለው ሁሉ።»

«እንግዲያው እርስዎ አይቀመጡም።»

ፊቱ ተለወጠ። ምርጫ አልፎ ሰው ሁሉ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ፖለቲካ ከሆነ እኔን አታስገቢኝ» አለ።

«ወላሂ፣ የሴት ፀጉር ነው!»

ያመነኝ አልመሰለኝም። ቢሆንም ከቤቴ በር መጋረጃ ውጪ፣ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሲዲውን አስገብቼ የሚመጣውን ጽሑፍ እየተንተባተብኩ አነበብኩለት።

«አር የምትለዋን ፊደል ተጫኚ። ፎርማት የሚል ከመጣ ግን እንዳትነኪ፤ ሁሉንም ጠርጎ ያጠፋዋል።»

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ትእዛዙን ጠረጠርኩ። ሆን ብሎ ቢያስጠፋኝስ? መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ወደ መንገዱ እያየ ጥፍሩን ይነክሳል።

በመጨረሻ ሲዲውን አውጥቼ እንደገና አስነሳሁት። ተነሳ። ፎቶዎቹን ስከፍት ሙሽራዋ ከነፀጉሯ ብቅ አለች።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ልግባ?»

«የለም!»

ሲዲውን ስጪኝ ሲል ግን ልቤ እንቢ አለ። ፎቶዎቹን ይዞ ቢሄድስ?

«እሱ እኮ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም» አለኝ።

«አስመርምሬ እሰጥዎታለሁ።»

ተቆጥቶ ሄደ። ደሴ ቢሮ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ለጥየቃ ስትመጣ ሲዲውን ከፍታ አሳየችኝ፤ አንድም ፎቶ የለበትም። ወስጄ መለስኩለት። እሱ ደግሞ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ፣ «ማን ነካው? ምን ጨመራችሁበት?» አለኝ።

«አይጻፍበትም ብለውኝ የለ እንዴ?»

ሳይወድ ሳቀ።

የሙሽራዋ እናት ፎቶ ሊወስዱ ሲመጡ ወሬው ቀድሞኝ ነበር።

«ወንድ ነው አሉ የጠገነው።»

«ደጅ ተቀምጦ ነገረኝ እንጂ ዓይኑም እጁም አልደረሰበትም፣ እማማ።»

ወደ ደጅ ወጡ። ጎረቤቴን ሻይ ሻጯን ሲጠይቁ ይሰማኛል።

«ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው፤ ሻይ እንኳ ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ተመለሱና የፎቶዎቹን ፖስታ ከነጠላቸው ሥር ሸጎጡት።

«ለታናሿም ሰርግ አንቺው ነሽ የምትመጪው» አሉኝ። «ያ መምህር ግን ከደረጃው አይለፍ።»