ጎማው ካልተንከባለለ

በሮተርዳም የሥራ አጥነት ድጎማ መሥሪያ ቤት ሥራ በጀመርሁበት ዕለት፣ የክፍል ኃላፊው ሜኔር ብራንድስማ፣ በእኛ አባባል አቶ ብራንድስማ፣ ወንበሬን ሳያሳዩኝ አንድ ማኅደር ሰጡኝ። የአበባ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ከሥራ ተሰናብቶ ድጎማ ጠይቋል፤ አሠሪው ደግሞ «ተቀጣሪዬ አልነበረም፤ በግሉ የሚሠራ ነጋዴ ነው» ብሏል። እኔም አንብቤ «ውሉ ነጋዴ ነው ይላል» አልኋቸው።

«ስለ ውሉ አልጠየቅሁዎትም» አሉኝ። «ሦስት ነገር ይመርምሩ። የሚያዘው ማን ነው? በእሱ ቦታ ሌላ ሰው መላክ ይችላል? ለድካሙ ደመወዝ ያገኛል? የሚታዘዝ፣ ምትክ መላክ የማይችልና ደመወዝ የሚበላ ሰው ከሆነ፣ ወረቀቱ ንጉሥ ቢለውም ተቀጣሪ ነው።»

አዲስ አበባ ሳለሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ይዣለሁ፤ ማኅደር ለማንበብ አዲስ አልነበርሁም። እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ አለቃ ግን አላጋጠመኝም ነበር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚያች ምርመራ ኖርሁ። በመጨረሻም የተጣላሁት ከራሳቸው ከሜኔር ብራንድስማ ጋር ነው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መገባደጃ፣ ነዳጅ የተወደደበት ነበር። ከሮተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ሃምሳ መቀመጫ ያላቸው ትንንሽ ጄቶች ነጋዴዎችን ጧት ወስደው ማታ ይመልሱ ነበር። ከአየር መንገዶቹ አንዱ ጄቶቹን አቆመና አብራሪዎቹን አሰናበተ። ድጎማ ለመጠየቅ መጀመሪያ የመጣው ያሲን የሚባል ረዳት አብራሪ ነበር፤ ቤተሰቡ ከወሎ መጥቶ ዴልፍስሃቨን በሚባለው የሮተርዳም ሰፈር የሰፈረ፣ እሱም እዚሁ ያደገ። እናቱ ወይዘሮ ዘምዘም አብረውት መጡ። አልጠራናቸውም።

«ካፒቴን ነው ልጄ» አሉኝ ሳይቀመጡ።

«ካፒቴን አይደለሁም፣ ማማ። ስንቴ ልንገርሽ?» አለ ያሲን። እኔም «አቶ ያሲን፣ ይቀመጡ» አልሁት። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ነሽ የምትወስኚው?» አለኝ።

«እሳቸው አንቱ ይሉሃል፤ አንተ አንቺ ትላቸዋለህ! ወላሂ አሳፈርኸኝ» አሉ እናቱ።

ለሥራው እንዴት ይከፈለው እንደነበር ጠየቅሁት። እናቱን አየ። «ማመልከቻውን ልተወው» አለኝ በሆላንድኛ።

ምክንያቱን ለመረዳት የእኛን ሰው ማወቅ ያሻል። በአገር ልጆች መካከል ፓይለት ማለት ባለጸጋ ማለት ነው። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ መዋጮ ሲሰበሰብ «ካፒቴኑ አለ» ተብሎ ከፍተኛው ድርሻ እሱ ላይ ይጣላል። ያሲንም እንዳይዋረድ እየተበደረ ያዋጣ ነበር። ድጎማ ካላገኘ በደቡብ ሮተርዳም ያለውን የኪራይ ቤቱን ይለቃል፤ የማብረር ትምህርቱም ዕዳ ገና አላለቀም። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ እናቱ ይሰማሉ።

«አቶ ያሲን» አልሁት፣ «ሥራዎን ካልነገሩኝ መወሰን አልችልም። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ነገሩን ተናገረ፤ ያውም እናቱ በሚሰሙት በአማርኛ። «ጎማው ካልተንከባለለ ክፍያ የለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነሳ ይጀምራል፣ ሄዶ ሲቆም ያበቃል። ጉም ሲሆን ዩኒፎርሜን ለብሼ ኮክፒት ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አይቆጠርም። ቤት ሆኜ ስልክ የምጠብቅበት ቀንም አይቆጠርም። ስልኩ ሲጠራ ካልሄድኩ ግን በረራ ይነሱኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ትንሿም ጄት ሁለት ሞተር፣ ሁለት ፓይለት ትፈልጋለች፤ የምትይዘው ግን ሃምሳ ሰው ብቻ ነው። ነዳጁን መቀነስ ስላልቻሉ እኛን ቀነሱ። ተቀጣሪ መሆናችሁ ቀረ፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ድርጅት ናችሁ አሉን። ፈረምን።»

ወይዘሮ ዘምዘም ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠሩ ነበር።

«እኔ ሽማግሌ የማጥበው ሴትዮ፣ ተራዬን ተቀምጬ ስጠብቅ ይከፈለኛል» አሉ። «አንተን በሰማይ በነጻ ነው የሚያሠሩህ?»

«ጎማው ሲንከባለል ይከፍላሉ፣ ማማ።»

«ጎማው ይንከባለልባቸው! እኔ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን ካፒቴን እያልሁ መዋጮ አስከፈልሁህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይጻፉት፣ እትዬ። አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉት። ለሰፈሩ እኔ እነግራለሁ።»

ጻፍሁት። ተቀጣሪ ነበር፤ ድጎማው ይገባዋል ብዬም የውሳኔ ሐሳብ አቀረብሁ።

ሜኔር ብራንድስማ ጠሩኝ። «አብራሪዎች ድሆች አይደሉም» አሉ። «አንዱን ከፈቀድን የሌሎቹም ይከተላል። በዚያ ላይ የአገርዎ ልጅ ነው። ማኅደሩን ለሌላ ባልደረባ ያስተላልፉ።»

«ከዚህ ማመልከቻ በፊት አላውቀውም ነበር» አልሁ። «የአገር ልጅነት የሚከለክል ከሆነ፣ የሆላንዶቹን ማኅደሮች ሁሉ ወደ እኔ ያስተላልፉልኝ። ሌሎቹ ገምጋሚዎች ሁሉ ሆላንዳውያን ናቸውና።»

አልሳቁም። «ውሉ ነጋዴ ይላል» አሉ።

«በመጀመሪያው ቀን እኔም እንዲሁ ብዬዎት ነበር። ምን እንደመለሱልኝ ያስታውሳሉ?»

የመጨረሻውን ውሳኔ የመፈረም ሥልጣን የገምጋሚው ነበርና በራሴ ስም ፈረምሁ። በአካሄዴ ቅሬታ እንዳላቸው በግል ማኅደሬ ላይ አሰፈሩ። እኔም ከሥሩ «አንብቤዋለሁ፤ አልስማማም» ብዬ ጻፍሁበት። እስከ ጡረታዬ እዚያው ነበር።

አየር መንገዱ ይግባኝ አለ፤ ጉዳዩ ዴን ሃኽ፣ ማለትም ሄግ፣ ባለው ፍርድ ቤት ተሰማ። የድርጅቱ ጠበቃ፣ አብራሪው ነጻ ነጋዴ ስለሆነ በውሉ መሠረት በፈለገው ቀን ምትክ መላክ ይችል ነበር ሲሉ ተከራከሩ። ዳኛዋ ያሲንን «ምትክ ልከው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ማንን እልካለሁ?» አለ። «ስሜ በበረራው ምድብ ላይ ተጽፏል። ጎረቤቴ የሚነዳው ትራም ነው።»

ችሎቱ ሳቀ፤ ጠበቃውም ፈገግ አሉ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም። አንድ አብራሪ እንኳ ምትክ የላከበት በረራ ካለ እንዲያቀርቡ ድርጅቱን ጠየቁ። አላቀረበም። ውሳኔዬ ጸና።

ከዚያ በኋላ ሜኔር ብራንድስማ የሌሎቹን አብራሪዎች ማመልከቻዎች አምጥተው በጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። እኔም ተቀብዬ የመጀመሪያውን ገለጥሁ።

ድጎማው የያሲንን ቤት አተረፈለት፤ ጄቶቹን ግን አልመለሰም። ሸራ ለብሰው ሜዳው ጥግ ቆዩ፣ ከዚያም ተሸጡ። ያሲን በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ለመቀጠር እንደገና መሠልጠን ነበረበት፤ ከፋዩም እሱው ራሱ ነበር። «ሥራ ለማግኘት ዳግመኛ አልከፍልም» አለ። ዛሬ ከከተማው ወንዝ ሥር የሚያልፈውን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሜትሮውን፣ ይነዳል። እናቱ አሁንም ካፒቴን ይሉታል፤ መዋጮውን ግን እንደማንኛውም ሰው እንዲያዋጣ አስወስነዋል።

አንድ ቀን ባቡሩ ውስጥ ተገናኘን፤ ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። «አየሽ፣ ጣቢያ ላይ ቆሜ ስጠብቅም ይከፈለኛል፣ እትዬ» አለኝ። እርስዎ ማለቱን አሁንም አልለመደም።

አዲስ ገምጋሚዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ በትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ሥራ ላይ ነው።