እሾህ የሌለው ዛፍ

መስከረም 4 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ነጭ አባይ ሞልቶ ካርቱም ያለውን የሱንት ጫካ ባጥለቀለቀበት ወቅት፣ ሦስት ሆነን በአንዲት የዓሣ ጀልባ ተነሣን። ሱንት ሱዳኖች ውኃ ዳር ለሚበቅል አንድ የግራር ዓይነት የሰጡት ስም ነው። እናንተ ከእኔ ጋር የዕፅዋት ናሙና ልትሰበስቡ በወጣችሁ ቁጥር ስለዚያ ቀን ትጠይቁኛላችሁ፤ ዛሬ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ቀዛፊው በዚያ ውኃ ላይ ያረጀው ዓሣ አጥማጅ ዐም ኢድሪስ ነበር፤ «ዐም» አጎት እንደማለት ነው። ከፊት የተቀመጠችው ራሕማ ትባላለች፤ ቡሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። እኔ የቅርንጫፍ መቀስ፣ የብረት ቢላዋ፣ ማጉያ መነጽር፣ አሮጌ ጋዜጣና ገመድ ይዤ መሐል ተቀምጫለሁ።

ለአደን የወጣነው ለአንድ ዛፍ ነበር።

ራሕማ ዐርብ ዕለት ከአሠሪዎቿ ጋር ለሽርሽር ጫካው ድረስ መጥታ፣ ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ልጣ ወስዳለች። ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ሁለቱ እኅትማማቾች በተከራዩት ክፍል ታናሽ እኅቷን ዘይነባን የሆድ ትል ያሠቃያት ነበር። ቅርፊቱን ቀቅላ፣ በአገራችን ኮሶ እንደሚጠጣው፣ ቅዳሜ ማለዳ በባዶ ሆዷ አንድ ሙሉ ጣሳ በአንድ ትንፋሽ አስጠጣቻት። የካርቱም ሰው እንዲህ ያለውን መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ይቀምሰዋል እንጂ አይጨልጠውም። እሑድ ዘይነባ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ ትውከቷ አልቆመም፣ የልብ ምቷም ተዛብቷል።

«ልብ የሚመርዝ ዛፍ ከሆነ ማርከሻ አለኝ» አለ ሐኪሙ። «ካልሆነ ግን ማርከሻው ራሱ ይጎዳታል። የዛፉን ማንነት አምጡልኝ።»

የቅርፊቱ አተላ ተደፍቷል። ዛፍ ታውቂያለሽ ብላ ወደ እኔ የመጣችው ራሕማ የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እትዬ ሰብለ፣ እሾህ አልነበረውም።»

እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሱንት እሾሃም ነው። ቅርፊቱ ቆዳ የሚለፋበት ታኒን ስለበዛበት ሆድን ክፉኛ ያደርቃል፣ ያስታውካል፤ ልብን ግን በቀጥታ አይመርዝም። እሾህ ከሌለው ሌላ ዛፍ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«ዛፍ አደን?» አለ ዐም ኢድሪስ መቅዘፊያውን እያነሣ። «ወላሂ ያ ኡስታዛ፣ እስከ ዛሬ ያመለጠሽ አለ?»

«እስካሁን የሮጠብኝ የለም» አልኩት፤ ኡስታዛ የሚለኝ መምህርት መሆኔን አውቆ ነው።

«እንግዲያው ያላ። ዛፉ ባይሮጥ ውኃው ሮጧል፤ ከዐርብ ወዲህ ሁለት ክንድ ጨምሯል።»

እውነቱን ነበር። ራሕማ የተቀመጠችበት ሣርም፣ ሻይ የፈላበት ቦታም፣ መንገዱም ከሥራችን ነበሩ። ጥቋቁር ግንዶች ከቡናማው ውኃ ውስጥ ወጥተው ቆመዋል። ወፍ አይሰማም። ነፋስ ሳይኖር ቅርንጫፎቹ ላይ የቀሩት ደረቅ ፍሬዎች ይንኳኳሉ፤ ነፋስ አለመኖሩን በጋዜጣ ቁራጭ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ምክንያቱን ያየሁት ስንቀርብ ነው። ከውኃው የሸሸ ሁሉ ዛፍ ላይ ወጥቷል። በአንድ ግንድ ላይ አይጥ፣ ጊንጥ፣ እንሽላሊትና ጉንዳን ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። አንዱ ሌላውን አይበላም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረዋል።

«አትንኳቸው» አለ ዐም ኢድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ሁላችንም እንግዳ ነን።»

የምንከተለው ዱካ የቢላዋ ቁስል ነበር። ራሕማ ቅርፊቱን የላጠችው በደረቷ ትክክል ነው፤ የውኃውን ጥልቀት በመቅዘፊያው ለክቼ ስቀንስ፣ ቁስሉ ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል መሆን ነበረበት። ከግንድ ወደ ግንድ ዞርን። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ራሕማ ጣቷን ቀሰረች።

«ያውና። የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ።»

ግንዱ ሰፊ፣ ያረጀ ነበር። ከቁስሉ ቀይ ሙጫ ወርዶ ደርቋል። ቆሜ በግራ እጄ የተሰበረ ቅርንጫፍ ጉቶ ጨበጥኩና ቢላዋውን አወጣሁ። በዚያች ቅጽበት ከራሴ በላይ፣ በግንዱ ባላ ላይ፣ ሥር የመሰለኝ ነገር አንገቱን አነሣ። ኮብራ ነበር። በእርሱና በጨበጥኩት እጄ መካከል አንዲት አይጥ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣለች።

«ኡስታዛ» አለ ዐም ኢድሪስ በዝግታ፣ «ጉቶውን እንዳትለቂ። ከለቀቅሽ ጀልባዋ ትናወጣለች።»

እባቡ አይጧን አልፎ ወረደ። በእጄ አንጓ ላይ ሲያልፍ ክብደቱን ነው የማስታውሰው፤ እርጥብ ገመድ ይመስል ነበር። ከዚያ ደረቅ ነገር ፈልጎ ጀልባችን ውስጥ ገባ።

«እግሬ ላይ ነው» አለች ራሕማ፣ ሰዓት ስንት እንደሆነ እንደምትናገር ሰው።

ዐም ኢድሪስ መቅዘፊያውን ከጀልባዋ ጠርዝ እስከ ጎረቤቱ ግንድ እንደ ድልድይ አጋደመው። ለምን ያህል ጊዜ እንደጠበቅን አላውቅም፤ ሰዓቴ የታሰረው በዚያው በግራ እጄ ላይ ነበር። በመጨረሻ እባቡ በመቅዘፊያው ላይ ተጎትቶ ወጣና በወዲያኛው ግንድ ላይ ተጠመጠመ። አይጧ አሁንም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ቅርፊቱን ቆረጥኩ። ጭማቂው የነካው የቢላዋ ስለት ወዲያው ጠቆረ፤ ታኒን ብረት ሲነካ እንዲህ ያደርጋል። ከላይ በመቀሱ የቆረጥኩት ቅርንጫፍ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተያያዘ ፍሬ ነበረው፤ ከግንዱ አዲስ በበቀለው ቀንበጥ ላይ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ነጭ እሾህ አየሁ። ሱንት ነው። ሲያረጅ እሾሁን ያራግፋል። ይህን ተማሪ ሳለሁ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር፤ አንዲት የደነገጠች እኅት አንድ ቃል ስትነግረኝ ግን ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፍ ስጠየቅ ዕድሜውን ሳላውቅ አልመልስም። እጄንም ቀና ብዬ ሳላይ ግንድ ላይ አላሳርፍም። እናንተ «ፈሪ» የምትሉኝ በዚህ ነው።

ናሙናውን ለሐኪሙ ያደረስነው በዚያው ምሽት ነው። በማግስቱ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የልብ ምቷ የተዛባው ከትውከቱ ብዛት ነው ብሎ፣ ማርከሻው እንደማይሰጥና ግሉኮሱ እስከ ረቡዕ እንዲቀጥል ወሰነ። ዘይነባ ዓይኗን ገልጣ «ትሉ ወጣ?» ብላ ጠየቀች። የሳቀችው ነርሷ ብቻ ናት። ሐኪሙ ሰውነቷ ሲጠና የምትውጠውን የትል ክኒን አዘዘላት። ራሕማ «እኔ እሰጣታለሁ» ብላ ወረቀቱን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«አይ» አለች ዘይነባ፣ ያለ ቁጣ። «የሚዋጥና የሚጠጣ ነገር ከነርሷ እጅ ነው የምቀበለው።»

ራሕማ እጇን ሰብስባ «እሺ» አለች። ክኒኑን ነርሷ እንድትሰጣት ተወሰነ።